እንዴት ይሠራል? ነጎድጓድ በ61 ቁልፍ

ሦስት አራት ዓመት ኪቦርድ የተማረ ልጅ አንድ ቀን መምህሩ ዘንድ መጥቶ «ቲቸር፣ አሁን ኃይለኛ ነገር ይስጡኝ» ማለቱ አይቀርም። ስልኩ ላይ አንድ ፒያኒስት ፊቱን አኮሳትሮ አዳራሹን ሲያናውጥ አይቷል፤ የፈለገው ያንን ነው። ጥያቄው ሊከበር ይገባል። ልጁ ከመልመጃ መጽሐፍ ወጥቶ በሙዚቃ መናገር አምሮታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ግን ወይ «ገና ነህ» ነው፣ ወይ ደግሞ አቅሙን በእጥፍ የሚያልፍ ሥራ ተሰጥቶት ወራት ሙሉ ከመጀመሪያው ገጽ ሳይወጣ ይቀራል። ሁለቱም ፍላጎቱን ያቀዘቅዙታል።

ጥያቄውን ዲላ ላይ አስቀምጠን እንየው። ዲላ ከአዲስ አበባ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዞኑ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው፤ ልጆች ቁልፍ መንካት የሚጀምሩትም በአብዛኛው እዚያው፣ ከመዘምራን ጎን ቆመው ነው። ባለ 88 ቁልፍ የእንጨት ፒያኖ ብርቅ ነው። በእጅ ያለው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ነው፤ ትልልቆቹ ዛሬም «ኦርጋን» ይሉታል። በዚህ መሣሪያ ላይ ያደገ ተማሪ የራሱ ብርታትና የራሱ ድካም አለው። ጆሮው ንቁ ነው፤ መዝሙር አንዴ ሰምቶ ኮርዱን ያገኛል። ግራ እጁ ግን ብዙ አልሠራም፤ ኮርድ ይዞ ሲቆም ከበሮውንና ቤዙን ስታይል የሚባለው የኪቦርዱ አጃቢ ይጨርስለታል። ኖታ ማንበቡም ከጆሮው ወደኋላ የቀረ ነው። እንግዲህ የሚመረጥለት ሥራ ይህን ልጅና ይህን መሣሪያ ያየ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ግን ኃይል ከየት እንደሚመጣ እንይ።

ፒያኖ ላይ ቁልፍ ስትጫኑ ጣታችሁ ክሩን አይነካም። ቁልፉ በማንሻዎች አማካይነት በተጠቀጠቀ ሱፍ የተለበጠ መዶሻ ወደ ክሩ ይወረውራል። መዶሻው ክሩ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከማንሻው ይላቀቅና የቀረችውን መንገድ ብቻውን ይሄዳል። ስለዚህ የድምፁን ጉልበት የሚወስነው መዶሻው ሲላቀቅ የነበረው ፍጥነት ነው። ክሩ አንዴ ከተመታ በኋላ ቁልፉን ምንም ያህል ብትደፍቁት ድምፁ አይጨምርም፤ የምታገኙት የክንድ ድካም ብቻ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ድምፁ ከመጉላቱም ሌላ ቀለሙ ይለወጣል፤ ከዋናው ድምፅ በላይ የሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች ስለሚበዙ ብረት ብረት ይላል።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ የፒያኖ ድምፅ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ መሄዱ ነው። ማሲንቆ በቀስቱ፣ ዋሽንት በትንፋሹ ድምፁን እየመገበ ያቆያል፤ ፒያኖ ይህ የለውም። ለፒያኖ የጻፉ ሰዎች ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። ኮርዱን ይደጋግሙታል፤ ቤዙን በኦክታቭ ያጥፉታል፤ ወይ ሁለት ድምፅ በፍጥነት እያፈራረቁ ያንቀጠቅጡታል። የቤቶቨን «ፓተቲክ» ሶናታ፣ እ.ኤ.አ. በ1799 የታተመው፣ የሚከፈተው በኃይል ተመትቶ ወዲያው እንዲለሰልስ በተጻፈ ኮርድ ነው። ሰሚው ድምፁ ሲሞት እየሰማ ይጠብቃል፤ ጭንቀቱ ያለው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ፈጣኑ ክፍል ሲገባ ደግሞ ግራ እጅ በኦክታቭ እየተንቀጠቀጠ መሬቱን ያናውጠዋል። ቤቶቨን ይህንን ሲጽፍ በዘመኑ የነበሩት የቪየና ፒያኖዎች የተለመደ ስፋታቸው 5 ኦክታቭ፣ ማለትም 61 ቁልፍ ነበር። የዲላው ኪቦርድም 61 ነው፤ ልዩነቱ የቤቶቨኑ ከኤፍ ሲጀምር የእኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ከሲ መጀመሩ ነው። «በዚህች ኪቦርድ ክላሲካል አይሞከርም» የሚሉ ሰዎች ይህንን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ኪቦርድ ውስጥ መዶሻም ክርም የለም። ተች ሪስፖንስ ያለው ኪቦርድ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት መገናኛዎች አሉት፤ ቁልፉ ሲወርድ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ለጥቆ ይነካል። መሣሪያው በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ይለካል። ጊዜው ካጠረ ጣቱ ፈጣን ነበር ማለት ነውና ድምፁን ያጎላዋል። ልኩ ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይመዘገባል፤ ቁጥሩን የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሚዲ የሚባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ነው። ርካሾቹ ኪቦርዶች ይህ መለኪያ የላቸውም፤ በስሱም ምቱ በጡጫ፣ ድምፁ ያው ነው። ሥራ ከመመረጡ በፊት መምህሩ አንድ ደቂቃ ወስዶ ይህንን ይፈትሽ። አንዱን ቁልፍ በስሱ፣ ከዚያ በኃይል መምታት ነው። ለውጥ ከሌለ ሜኑው ውስጥ ተች ጠፍቶ እንደሆነ ይታይ፤ እዚያም ከሌለ መሣሪያው በጣት ጉልበት ልዩነት አያሰማም ማለት ነው። ሌላም የሚፈተሽ አለ። ከአነስተኛዎቹ ኪቦርዶች ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ32 ድምፅ በላይ ማሰማት የማይችሉ አሉ። ፔዳል ተረግጦ ኮርድ በኮርድ ላይ ሲደራረብ ቀድሞ የተመታውን ይጥላሉ፤ ቀድሞ የተመታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤዙ ስለሆነ ነጎድጓዱ ድንገት ባዶ ይሆናል።

ተች በሌለው ኪቦርድ ላይ ያለ ልጅ ታዲያ ምን ይጫወት? እኔ ያለማመንታት የምሰጠው የባኽን ሲ ማይነር ፕሬሉድ ነው። በሶልፌጅ ለሚያውቁት ዶ ማይነር ማለት ነው። ባኽ እ.ኤ.አ. በ1722 ባጠናቀቀው፣ «ዌል ቴምፐርድ ክላቪየር» በሚባለው መጽሐፍ የመጀመሪያ ጥራዝ ሁለተኛው ሥራ ነው። መጽሐፉን ለመማር ለሚሹ ወጣቶች ጭምር እንዳዘጋጀው ራሱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍሯል። በዚያ ዘመን ሰፊ አገልግሎት የነበረው ሃርፕሲኮርድ ክሩን በላባ ዘንግ እየነጠቀ የሚያሰማ መሣሪያ ነበር፤ ጣት ቢበረታም ቢለሰልስም የድምፁ መጠን እምብዛም አይለወጥም። ባኽ ኃይሉን ከጣት ጉልበት ሳይሆን ከኮርዶቹ ግጭትና ከማያቋርጠው ፍሰት እንዲያወጣው ግድ ነበር። ጥራዙ በሙሉ በ4 ኦክታቭ ውስጥ ስለሚያልቅ ከ61ዱ ቁልፍ አንድም ድምፅ አያመልጥም።

ይህ ፕሬሉድ ለመዘምራን ኪቦርዲስት የተጻፈ ይመስላል የምለው በሚከተለው ምክንያት ነው። ኖታው ሲታይ ገጹ በጥቃቅን ድምፆች ጠቁሯል፤ ልጁ ይደነግጣል። ነገር ግን ከመጀመሪያው አንስቶ እስከ 24ኛው ሜዠር ድረስ አንድ ቅርጽ በየግማሽ ሜዠሩ ይደገማል፤ ቅርጹም የተሰባበረ ኮርድ ነው። የመጀመሪያዎቹን 4 ሜዠሮች ሰብስባችሁ እንደ ኮርድ ያዟቸው። ሲ ማይነር፣ ኤፍ ማይነር፣ ቢ ዲሚኒሽድ፣ ተመልሶ ሲ ማይነር። የታችኛው ሲ በ4ቱም አይነቃነቅም። ሦስተኛው ላይ ቢ ዲሚኒሽድ ከታች ከቆመው ሲ ጋር ሲጋጭ ጆሮ ይጨነቃል፤ አራተኛው ላይ ይፈታል። መጫወት የሚገባውም እንዲህ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በየሜዠሩ አንድ ኮርድ ብቻ እየያዙ ማለፍ፣ ግጭቱንና መፈታቱን በጆሮ መልመድ፣ ከዚያ ነው ኮርዱን ወደ ጣቶች መበተን። ልጁ ኮርዱን ስለሚያውቀው ኖታው ይቀልለታል። 28ኛው ሜዠር ላይ «ፕሬስቶ» የሚል ተጽፎ ሁለቱ እጆች መሳደድ ይጀምራሉ፤ 34ኛው ላይ «አዳጆ» ይልና ፍሰቱ ድንገት ይቆማል። በ38ኛው፣ በመጨረሻው ሜዠር፣ ያ ሁሉ ማይነር በሲ ሜጀር ይዘጋል። ተች የሌለው ኪቦርድ ላይ እንኳ ሰሚውን ከወንበሩ የሚያስነሳ ቦታ ነው።

ኪቦርዱ ተች ካለውና ልጁ ጣቶቹን ሳያስጨንቅ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት 8 ነጭ ቁልፍ ከዘረጋ ምርጫዬ ይለወጣል። ያኔ የሾፓን ፕሬሉድ ኦፐስ 28 ቁጥር 20 ይሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1839 የታተመ ነው፤ ርዝመቱ 13 ሜዠር ብቻ ሲሆን ቢዘገይ እንኳ 2 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚወስደው። ይህን አጭርነቱን የሚንቅ ሰው አልሰማውም ማለት ነው። በየሜዠሩ 4 እርምጃ አለ፤ ሦስተኛው እርምጃ በረጅምና በአጭር ተከፍሎ ያነክሳል። ሰው አስከሬን ተሸክሞ ሲሄድ የሚሰማውን አካሄድ ያስታውሳል። የመጀመሪያዎቹ 4 ሜዠሮች በሙሉ ድምፅ ናቸው። የሚቀጥሉት 4 ዝቅ ብለው ይመጣሉ። ከዚያ እነዚያው 4 ሜዠሮች ይደገማሉ፤ በዚህኛው ዙር ግን ከበፊቱም ቀንሰው ይጀምሩና ወደ መጨረሻው ኮርድ ሲቃረቡ ያድጋሉ። ልብ ካላችሁ ልጁ የሚያጠናው 8 ሜዠርና አንድ ኮርድ ነው። የቀረው ጊዜ ሁሉ ለድምፅ ይተርፋል።

ከልጁ ጋር መነጋገር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። አብዛኛው ተማሪ ድራማ ማለት ማጉላትና መፍጠን ይመስለዋል። ሾፓን ግን ሰሚውን የሚይዘው በመጀመሪያው ጩኸትና በዘጠነኛው ሜዠር ሹክሹክታ መካከል ባለው ርቀት ነው። እዚያ ሹክሹክታ ላይ ደካማ የሆነ ተማሪ መጀመሪያ ላይ የቱንም ያህል ቢመታ ውጤቱ ጫጫታ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ጥናቱ ከዘጠነኛው ሜዠር ይጀምር። ድምፁ ሳይቆራረጥ፣ 4ቱም የኮርዱ ድምፆች እኩል ወርደው፣ የመጨረሻውን ያህል ቀጭን አድርጎ መጫወት ሲችል ወደ መጀመሪያው ይመለስ።

ኮርዱ ውስጥም ደረጃ አለ። የጌዴኦን ማሳ የሚያውቅ ልጅ ይህንን ለመረዳት አይቸገርም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚያ መልክዓ ምድር ላይ ትልልቁ ዛፍ ከላይ ያጠላል፣ ከሥሩ እንሰትና ቡና አለ፣ ከዚያም በታች ጎመኑና ሌላው ቅጠል። ሁሉም በአንድ ቁመት ቢያድግ አንዱ ሌላውን ያፍነዋል። ኮርድም እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው ዜማ ጎልቶ ይሰማል፣ ቤዙ ይሸከመዋል፣ የመካከሉ ዝቅ ይላል። ችግሩ ዜማውን የያዘችው ደካማዋ ትንሿ ጣት መሆኗ ነው። ለዚህ የሚረዳ አንድ መልመጃ አለ። የላይኛውን ድምፅ ብቻ በሙሉ ድምፅ እየተጫወቱ የቀሩትን ጣቶች ቁልፉን ሳይጫኑ ላዩ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ማስገባት። ቀኝ እጅ ክብደቱን ወደ ትንሿ ጣት ማዘንበል ሲማር ድምፁ የትልቅ ሰው ድምፅ ይሆናል።

የቁልፍ ጉዳይ አለ። የሾፓን ግራ እጅ በኦክታቭ ወደ ታች ስለሚወርድ ባለ 61ዱ ኪቦርድ ግርጌ ላይ ቁልፍ ሊያጥር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። የኪቦርዱን ኦክታቭ ወይም ትራንስፖዙን በ12 ዝቅ ማድረግና ሁለቱንም እጅ አንድ ኦክታቭ ወደ ቀኝ ማሻገር። ድምፁ የተጻፈበት ቦታ ላይ ይወጣል፤ ሥራው ከላይ ብዙ ስለማይወጣ ከወዲያ በኩል የሚጎድል የለም። ከዚህ በቀር ትራንስፖዙ አይነካ። ስታይሉም ይጥፋ።

ካየናቸው ሥራዎች ብዙዎቹ በሲ ማይነር መሆናቸውን ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ቤቶቨን ለትግል ሙዚቃው ደጋግሞ የመረጠው ድምፅ ነው። ለእኛ ልጅ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ብዙ የመዘምራን ኪቦርዲስት ሁሉን መዝሙር በትራንስፖዝ እያመጣ እጁን ሲ ላይ አስለምዷልና ከሲ ሜጀር ወደ ሲ ማይነር መሻገር ለእጁ አዲስ አገር አይሆንበትም።

እጁ ኦክታቭ ለማይደርስ ልጅ የቡርግሙለር ኦፐስ 100 ቁጥር 15፣ «ባላድ» የሚባለው አለ፤ እሱም ሲ ማይነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 የወጣው ይህ ስብስብ ለትንንሽ እጆች ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ቀኝ እጅ አጫጭር ኮርድ እየቆረጠ ሲጥል ግራ እጅ ከሥር ያጉረመርማል፤ ከመካከሉ ብርሃን ያለው ዜማ ይገባና ጨለማው ይመለሳል። ግራ እጁ ለዘገየበት ደግሞ የካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ «ሶልፌጄቶ»፣ እ.ኤ.አ. የ1766 ሥራ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ከሞላ ጎደል በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚመታው፤ ሁለቱ እጆች እየተቀባበሉ ስለሚሮጡ ግራው መስነፍ አይችልም፣ ሰሚው ግን ማዕበል ይሰማል።

መሸሽ ያለበትንም ልናገር። ልጁ ስልኩ ላይ ያየው ምናልባት የራክማኒኖቭን ሲ ሻርፕ ማይነር ፕሬሉድ ነው፤ ደራሲው በ19 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 የጻፈው። መክፈቻው 3 ከባድ ድምፅ ነው፤ ማንም ሊመታቸው ስለሚችል ያታልላል። መጨረሻው ላይ ግን ኮርዶቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ኖታው በ4 መስመር ተደራርቦ ነው የተጻፈው። የቤቶቨን «ሙንላይት» ሶናታ ሦስተኛ ክፍልም እንዲሁ ይጠብቅ። አንድ ሥራ ሲመጣ ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ፤ ገልብጡና በጣም የጠቆረውን ቦታ ፈልጉ። ልጁ እነዚያን ሁለት መስመሮች ለአንድ ሳምንት እጅግ ቀስ ብሎ ይሞክራቸው። በዝግታ ክንዱ ሳይወጠር ካለፈባቸው ሥራው የእሱ ነው። በዝግታም ካመመው ይቆይ፤ በክንድ ሕመም ላይ መጫወት ጥንካሬ አይደለም፣ ጉዳት ነው።

የ«ሙንላይት» የመጀመሪያውን ክፍል ግን መካከለኛ ተማሪ ይደርስበታል፤ የፔዳል መሰኪያ ላለው ኪቦርድ በተለይ። እዚያ ውስጥ አንድ ጆሮ የሚይዝ ነገር አለ። ሦስተኛው ሜዠር ላይ ቤቶቨን ከመነሻው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ያለ ኮርድ ያስገባል፤ በሲ ሻርፕ ማይነር መካከል ዲ ሜጀር። ጥላ እንደወደቀ ነው የሚሰማው። የእኛ አምባሰልም የሚያሳዝነው በዚያችው ግማሽ ድምፅ ነው። ከሲ ብትነሡ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ ዲ ፍላት ወደ ሲ ስትወድቅ ልብ አብሮ ይወድቃል። በቅኝት ያደገ ጆሮ ይህንን የቤቶቨን ጥላ ለመስማት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መምህሩ አምባሰሉን አስቀድሞ አጫውቶት ከዚያ ሦስተኛውን ሜዠር ያሰማው።

ስለዚህም ነው ልጁ ድራማ ከአውሮፓ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስለው የምጨነቀው። ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነሥቶ ቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሮ የተመለሰ ፒያኒስት ነው፤ «አምባሰል» በሚለው ሥራው ቅኝቱን በሙሉ የኮንሰርት ፒያኖ አቅም አሰምቶታል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (እ.ኤ.አ. 1923–2023) ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተምረው፣ ግሸን ማርያም መንነው፣ ኋላም ኢየሩሳሌም ኖረው የራሳቸውን የፒያኖ ቋንቋ ትተዋል። የእማሆይ ሥራዎች ጩኸት የለባቸውም። ድምፆቹ ለጣት ከባድ ባይሆኑም ጊዜው ነፃ ስለሆነ፣ የት መቆየትና የት መሄድ እንዳለበት ልጁ ራሱ መወሰን አለበት። ሾፓንን የጨረሰ ልጅ ወደዚያ ቢሻገር እወዳለሁ፤ ርቀትና ዝምታን አንዴ ስለተማረ የሚሠራበት ያገኛል።

ኖታውን ለማግኘት መክበር አያስፈልግም። ባኽ፣ ቤቶቨን፣ ሾፓንና ቡርግሙለር ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው የቀድሞ እትሞቻቸው አይኤምኤስኤልፒ በሚባለው የኖታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ የሾፓኑ ፕሬሉድ አንድ ወረቀት ነው፣ ዲላ ያለ የትኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ያትመዋል። ስልክ ላይ እያዩ ከማጥናት ወረቀቱ ይሻላል፤ ጣት የሚገባበት ቁጥር፣ የሚያመልጠው ኮርድ በእርሳስ ይጻፍበታል።

በሰው ፊት ሲጫወት ኪቦርዱ ከአዳራሹ ሚክሰር ጋር መገናኘቱ አይቀርም። የድምፁ ባለሙያ ልማዱ የሚጮኸውን ዝቅ፣ የሚለሰልሰውን ከፍ ማድረግ ነው፤ ለስብከትና ለመዝሙር ይህ ልክ ነው። ሾፓን ላይ ግን ርቀቱን ሁሉ ያጠፋዋል። ልጁ ቀደም ብሎ ሄዶ ትልቁን ኮርድና ዘጠነኛውን ሜዠር ያሰማው፤ ትልቁ ሳይሰነጠቅ ትንሹ ከኋላ ወንበር የሚሰማበት ቦታ ሲገኝ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ማስተካከያው እንዳይነካ ይለምነው።